ከየት፣ ወዴት፣ የማን

«መሰላሉን ይልቀቁ ጋሼ!»

«አንተ ልቀቅ!»

«ሰው አለ እኮ ላይ! ሁለት አስተማሪ ነው ያለው!»

«ይኑር። እዚያው ያስተምር።»

ጥሩሰው የቀርከሃ መሰላሉን አንዱን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል፤ ጋሽ ሀብተ ማርያም ሌላውን ጫፍ ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ወደ በሩ ይጎትታሉ። ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው ቢባል ማን ያምናል፤ ጉልበታቸው የጎረምሳ ነው። ከላይ፣ ከማማው ርብራብ ቀዳዳ፣ ሁለት መነጽር ያደረጉ ፊቶች ቁልቁል ይመለከታሉ። ቦንጋ ተመድበው ከመጡ ገና ወራቸው ነው፤ ዝናቡን እንኳን አልለመዱትም።

«ወንድም፣ ችግር አለ እንዴ?» አለ አንደኛው አስተማሪ።

«ኧረ ምንም ችግር የለም!» አለ ጥሩሰው ቀና ብሎ እየሳቀ። «የጉብኝቱ አካል ነው!» ከዚያ ድምፁን ቀነሰና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ ማማው የመንግሥት ነው። ገብተው መረበሽ አይችሉም።»

«ማማው የመንግሥት ነው። መሰላሉ የኔ ነው። ከጓሮዬ ቆርጬ፣ በእጄ አስሬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቃልህን ዋጥ፣ መሰላል ውሰድ።»

«የቱን ቃል? ዛሬ ብቻ ስንቱን ነው ያወራሁት!»

«አያቴ ተኝቶ ነበር ያልከውን!»

ጥሩሰው የመሰላሉን ጫፍ ላላ አደረገ። እሱን ብሏል። አሳምሮ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ ሲኬድ፣ ከመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ የሚያስወጣ ቦታ ላይ፣ በካፋ ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ማማ አለ። ክብ ነው። አምስት ጎረምሳ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ቢቆም ነው ጫፉ የሚደርሰው። በሩ አጭር ስለሆነ ሹምም ይሁን ለማኝ ጎንበስ ሳይል አይገባም። ከስሩ የጥንቱ ጉድባ ያልፋል፤ ያኔ ጠላት እንዳይሻገር የተቆፈረ ነው፤ ዛሬ የጫካ ቡና በቅሎበት፣ ፍየል ከገባች አትወጣም። ማማው ለጎብኚ ክፍት ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ክፍት ሆነ ሲባል፣ ሰዎች በመኪና መጡ፣ «ለጎብኚ ክፍት ነው» የሚል ታፔላ ተከሉ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። በሩ ድሮም መዝጊያ አልነበረውም።

አስጎብኚ ግን ሳይተክሉ ነው የሄዱት። አስጎብኚነቱን ጥሩሰው ለራሱ ሾመ።

ጥሩሰው ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለ የትምህርት ቤቱን ደወል፣ ማለትም የተንጠለጠለውን የአይሱዙ ቸርኬ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደውሎ ስድስት መቶ ተማሪ ወደ ቤቱ ሸኘ። በነጋታው እሱም ተሸኘ፤ እሱን የመለሰው ግን የለም። ከዚያ ሺሺንዳና ቦንጋ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። አንድ ቀን ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ በወረደበት መሪውን ይዞ የገበያውን አደባባይ ሁለቴ ዞረ። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ከሚኒባሱም ወረደ።

የማማውን ታሪክ የሚያወጣው ከራሱ ጭንቅላት ነው። ለኮሌጅ ተማሪ ሲሆን ማማው ውስጥ ልዕልት ያስራል። ለነጋዴ ሲሆን ወርቅ ይቀብራል። አንዴ ከአዋሳ ለስብሰባ ለመጣ ሰውዬ ዝሆን ጨመረበት፤ ሰውየው «ዝሆኑ በዚህች በር እንዴት ገባ?» ሲለው፣ «ያኔ ልጅ ነበር» ብሎ አልፏል። የዛሬዎቹ አስተማሪዎች ደግሞ «በሩን የሚጠብቀው ማን ነበር?» አሉት። እሱም፣ በረኛው ጠጁን ጠጥቶ ለጥ ብሎ ሲያንኮራፋ ጠላት በላዩ ተራምዶ ገባ አለ። ሳቁ። ጥሩ ተሳቀ። ማማው አጠገብ ቤታቸውን ሠርተው የሚኖሩት ጋሽ ሀብተ ማርያም የዚያ በረኛ ዘር መሆናቸውን ረስቶት ነበር፤ ጆሯቸው ደግሞ ከጉልበታቸው አይተናነስም።

«እሺ» አለ ጥሩሰው በመጨረሻ፤ አንገቱን ወደ ቀዳዳው አሽቅቦ ጮኸ። «በረኛው አልተኛም! ሰምታችኋል? ጠጅም የለም! አልተኛም!»

«ታዲያ ምን ሆነ?» አሉ ከላይ።

ጥሩሰው አፉን ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ በከፈተው ቁጥር አንድ ነገር ይወጣ ነበር። አሁን ምንም አልወጣም። ሽማግሌውን አያቸው። ሽማግሌው መሰላሉን መለሱና ጎንበስ ብለው ወጡ።

*

በሳምንቱ ኢሳያስ በሞተር ብስክሌት መጣ። ኢሳያስ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ የባህል ባለሙያ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ የፕላስቲክ ፎልደር ይይዛል፤ ሁልጊዜ ይደክመዋል።

«ከእንግዲህ ባጅ የሌለው ሰው ማስጎብኘት አይችልም» አለ። «የማማው ልማት ኮሚቴ በሦስት ሳምንት ውስጥ እዚሁ መጥቶ ይፈትናል። የሚያልፈው አንድ ሰው ነው። ተወዳዳሪ ሁለት ናችሁ።»

«ሁለተኛው ማነው?»

«ሃሌሉያ የምትባል ልጅ ናት። የዋጫ ከተማ ልጅ ናት፤ ዲፕሎማ አላት።»

«እኔስ ምን አለኝ?»

ኢሳያስ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «ድምፅ አለህ» አለው።

ከፎልደሩ አንድ ገጽ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። «የማማው ታሪክ» ይላል። ጥሩሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ማማው እምቅ የቱሪዝም ሀብት መሆኑን ይላል። ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ሊያለሙት እንደሚገባ ይላል። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ይገመታል ይላል። ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው።

«ሰው የለበትም» አለ።

«ምን?»

«እዚህ ወረቀት ላይ አንድም ሰው የለም። በሩ ላይ ማን ነበር የሚቆመው? ቆሞስ ምን ይሠራ ነበር?»

«እሱ ገና አልተጠናም።»

«እና ሳይጠና ይፈተናል?»

«እሱ አይጠየቅም። ቼክሊስቱ ላይ የለም። ወረቀቱን ሸምድድ፣ በቃ።» ሞተሩን አስነሳ። ሲሄድ ግን ዘወር አለና «እኔም ጠይቄያቸው ነበር» አለ ወደ ጋሽ ሀብተ ማርያም ቤት በአገጩ እያመለከተ። «አራት ጊዜ። በር ዘጉብኝ።»

ማታ ጥሩሰው ለእናቱ ለእትዬ በዛወርቅ ነገራት። እናቱ ቆጮውን ከእሳቱ ላይ እያገላበጠች ሰማችው፤ ስትሰማ ፊቷን አታዞርም።

«ከትምህርት ቤት ተባረርክ» አለች። «ከሚኒባስ ተባረርክ። አሁን ከድንጋይም ልትባረር ነው?»

ጥሩሰው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ እየሳቀ ነው የወጣው፤ ከሚኒባሱም እየሳቀ ነው የወረደው። ማማው ላይ ግን ሰው እሱን ሊሰማ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ይወጣል። በዚህ ምድር ላይ እሱን ሊሰማ ዳገት የሚወጣ ሰው ሌላ የት ያገኛል? «ከዚህስ አልባረርም» አለ ለራሱ። «በፍጹም አልባረርም።»

*

ጋሽ ሀብተ ማርያም ጓሯቸው ውስጥ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቀፎ ይሠሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ታሪኩን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«የቱን? የዝሆኑን?»

ያን ቀን በዚህ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ቀና ብለውም አላዩትም። በሦስተኛው ቀን ሳይጠየቅ ቀርከሃ ተሸከመላቸው፤ አወረዱትና ራሳቸው ተሸከሙት። በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ጥሩሰው አጥራቸው ስር ቆሞ እንደ ድመት ረጠበ፤ እሳቸው በመስኮት እያዩት ቆጮአቸውን በሉ። በአምስተኛው ቀን ውሻቸው ተላመደው። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ሰፈሩ ውርርድ ያዘ፤ ኸይሪያ፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጠው፣ «ይኼ ልጅ የሽማግሌውን ልጅ ሊያገባ ነው እንዴ?» አለች፤ ሴት ልጅ እንኳ የላቸውም።

በዘጠነኛው ቀን ቀፎው አለቀ። ዛፍ ላይ መሰቀል አለበት። ዛፉ ደግሞ ሰማይ ነው የሚነካው። ጥሩሰው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ማንም ሳያዘው ወጣ። ቀፎውን ሰቀለ፤ በትክክል ነው የሰቀለው፤ ግን አጠገቡ ሌላ የሞላ ቀፎ ነበር፣ ባለቤቶቹም ውስጥ ነበሩ። ሲወርድ ከንፈሩ እንደ ባጃጅ ጎማ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ነበር።

ጋሽ ሀብተ ማርያም አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ደረታቸውን ይዘው ነው የሳቁት።

«አሁን ማውራት ስለማትችል ልነግርህ እችላለሁ» አሉ።

ግን አልነገሩትም። ያሉት ይሄን ብቻ ነው፦ «ነገ ቅዳሜ ነው። ገበያተኛ በማማው ስር ያልፋል። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቁም። የሚያልፈውን ሁሉ ሦስት ነገር ጠይቅ። ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? የማን ነህ? ሌላ ምንም አታውራ። አትቀመጥ። አትጻፍ። ስመጣ ትነግረኛለህ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ጥሩሰው ጎህ ሲቀድ ቆመ። የከንፈሩ እብጠት ገና አልጎደለም።

መጀመሪያ ያለፈችው ቡና የተሸከመች ሴትዮ ናት። «ከየት መጡ?» አላት። «ከቤቴ!» አለችው። «ወዴት ይሄዳሉ?» «ገበያ ነዋ፣ ቡና ተሸክሜ ሠርግ እሄዳለሁ?» «የማን ኖት?» «ባሌ ይምጣና ይንገርህ!» ብላው አለፈች። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ ቡናማ ፍየል እየጎተተ ነበር፤ ጥያቄውን ሲሰማ ቀዝቅዞ ቆመ። «ለማዳበሪያ ምዝገባ ከሆነ እኔ የለሁበትም» አለ። «አይደለም።» «ለአንድ ለአምስት ከሆነ ተደራጅቻለሁ።» «አይደለም ጋሼ፤ ከየት ነው የመጡት?» ሰውዬው ግራ ቀኝ አይቶ የማያውቀውን ቀበሌ ስም ጠራ፤ አባቱንም ቀየረ። ከዚያ በኋላ ወሬው ቀድሞት ወረደ፤ አንድ የሰከረ ወታደር «የማን ነህ?» ሲለው «የመንግሥት ነኝ» ብሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ሁለት ልጃገረዶች እየሳቁ የአንዳቸውን ስም አንዳቸው ተናገሩ፤ ኸይሪያ ደግሞ አህያዋን እየነዳች መጥታ ቆመች።

«አንተ ጥሩሰው፣ እኔን አታውቀኝም? ትናንት ሻይ ያጠጣሁህ ኸይሪያ ነኝ!»

«አውቅሻለሁ። ከየት ነው የመጣሽው?»

«አብደሃል?»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ንቡ ጭንቅላቱን ነክቶታል» አለች ለአህያዋ። ግን መለሰችለት። ሦስቱንም መለሰችለት፤ የአያቷን ስም ሁሉ ጨመረችለት።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ጋሽ ሀብተ ማርያም መጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ጀምር» አሉት።

ጥሩሰው ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ድረስ እንደ ውሃ ወረደለት። ሃያኛው ላይ ተሰናከለ። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ። «ጃንጥላ የያዘችው» አሉ። ጓሯቸው ውስጥ ተቀምጠው ሁሉንም ቆጥረው ነበር። «ቀጥል።» ቀጠለ። ሠላሳ አራተኛው ላይ ጨርሶ ጠፋበት።

«ድሮ አንድ ሰው የረሳ በረኛ በነጋታው በር ላይ አይቆምም» አሉ። «ማታ ማታ ሯጭ ይመጣል። በረኛው የቀኑን ሰው ሁሉ በቃሉ ይነግረዋል። ሯጩ ለሚቀጥለው ኬላ፣ ያኛው ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ ታቶ ዘንድ፣ ንጉሡ ዘንድ ይደርሳል። ወረቀት የለም። ያ ባለ ቡናማ ፍየሉ ደግሞ ዋሽቶሃል። የጠራልህ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍየል የለም።»

«እንዴት ላውቅ እችላለሁ?»

«አንተ ውሸት ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው?» አሉት።

ያቺ ነገር ገባችው። ቤቱ ሄዶ እንቅልፍ አጥቶ አሰበበት። ሚኒባስ ላይ እያለ ሃያ ሰው ጭኖ ማን የት እንደሚወርድ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ሰውን የሚይዘው በስሙ ሳይሆን በወንበሩና በተሸከመው ነገር ነበር። በማግስቱም ቆመ፣ ሰኞም ቆመ፤ በአዘቦት ቀን የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ አሥርም ይሁን ሦስት፣ ያዛቸው። ዝናብ ሲመታው አልተቀመጠም። ጓደኞቹ ከታች «በረኛ! ማን ገባ፣ ማን ወጣ?» እያሉ ሲጮሁ፣ እነሱንም ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ደረደረ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰው። አህዮቹን ሳይቀር ነው የተናገረው። የዋሹት ሰባት ናቸው አለ፤ ስድስቱ ላይ ልክ ነበር።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ፣ ሳይጠየቁ፣ አወሩ።

«ማን እንደሠራው አላውቅም። አባቴም አያውቅም። መቼ እንደተሠራም አላውቅም። የማውቀው፣ ማንም ሳይመልስ በዚህ በር አላለፈም። አንድ ቀን ታቶ ራሱ መጣ። ከቅድመ አያቶቼ አንዱ ጠየቀው። ከኋላው ያሉት ጦር አነሱ። ታቶ ግን መለሰ። ከየት እንደመጣ ተናገረ። ወዴት እንደሚሄድም ተናገረ። የማን ነህ ሲባል፣ የዚህ አገር ነኝ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።»

«እና ያ ተኝቶ ነበር ያልኩት?» አለ ጥሩሰው። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

«የአባቴ አባት ነው። የመጨረሻው በረኛ። የጠላት ጦር ሲመጣ፣ ይኼን ያህል ሰው፣ ጉድባው ሁሉ ሞልቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠየቃቸው።»

«ምን አሉት?»

«አልመለሱለትም።»

ተነሱና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

*

ኮሚቴው ሐሙስ መጣ። አንድ መኪናና ሦስት ባጃጅ ከመንገዱ ላይ ቆሙ፤ ዳገቱን ሁሉም በእግሩ ወጣው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጉግሳ ከረቫታቸውን አላልተው፣ በመሀረብ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ከሌላ ዞን የመጡ ስድስት እንግዶች አስከትለው ደረሱ። ኢሳያስ ከነፎልደሩ አለ። ሃሌሉያ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጫማዋን በሳር እየጠረገች ቆማለች፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ልጅ ናት። የሰፈሩ ሰውም ለወሬ ተሰብስቧል። ጋሽ ሀብተ ማርያም ባርኔጣቸውን አድርገው ከኋላ ቆመዋል።

መጀመሪያ ሃሌሉያ ተጠየቀች። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከእምቅ ሀብቱ እስከ ባለድርሻ አካላቱ፣ አንድም ቃል ሳታዛንፍ ተናገረች። ትንፋሽ እንኳ የወሰደችው ነጠላ ሰረዝ ላይ ነው። ተጨበጨበ።

«ቀጣይ» አሉ አቶ ጉግሳ።

ጥሩሰው ወጣ።

«ማማው በስንተኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ?»

«አላውቅም።»

«ማን አሠራው?»

«አላውቅም።»

«የማማው ፋይዳ?»

«ፋይዳ ምንድነው?»

እንግዶቹ ሳቁ። በዚያች ሰዓት ጥሩሰው ምላሱ ላይ ዝሆኑ ሲመጣ ተሰማው፤ ልዕልቲቱም መጣች፣ ወርቁም መጣ። አንዷን ቢለቃት ሁሉንም ያስቃቸዋል፣ ማን ያውቃል፣ ባጁንም ይሰጡታል። ዋጣቸው። አንድ በአንድ ነው የዋጣቸው።

«ታዲያ ምን ታውቃለህ አንተ?» አሉ አቶ ጉግሳ።

«እዚህ በር ላይ ምን ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ።»

አቶ ጉግሳ ቼክሊስቱን አዩ። ገጹን ገለበጡ። «እሱ የለም» አሉ።

«ሰብሳቢ፣ ምናልባት በተጨማሪ ሐሳብ...» አለ ኢሳያስ።

«ሰዓት የለንም። ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስድስተኛ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም።»

እንደገና ተሳቀ። አቶ ጉግሳ ባጁን ከኪሳቸው አወጡ፤ ሰማያዊ ክር ያለው፣ በላስቲክ የታሸገ ነው። ሃሌሉያ አንገት ላይ አጠለቁት። ፎቶ ተነሳ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ጥሩሰውም አጨበጨበ፤ ከሁሉም ይበልጥ ጮክ አድርጎ ነው ያጨበጨበው። እትዬ በዛወርቅ ከሰው መሀል እጇን አፏ ላይ ጭና ታየዋለች። እሱ አላያትም። ማጨብጨቡን ሲጨርስ ሄደና በማማው በር ላይ ቆመ። ጀርባውን ለድንጋዩ፣ ፊቱን ለሰዉ አድርጎ።

«እሺ፣ እንግዶቻችን፣ ወደ ላይ እንውጣ» አሉ አቶ ጉግሳ። «ሃሌሉያ፣ ምሪን።»

ሃሌሉያ ወደ በሩ መጣች። ጥሩሰው አልተነቃነቀም።

«ከየት ነው የመጣሽው?» አላት።

«ምን?»

«ከየት ነው የመጣሽው? ወዴት ነው የምትሄጂው? የማን ነሽ?»

ባጇን በእጇ ያዘች። ዓይኑን አየችው፤ የሚቀልድ መሆኑን ለማወቅ ነው። አልቀለደም። «ከዋጫ ነው የመጣሁት» አለች። «ወደ ላይ ነው የምሄደው።» ሦስተኛው ላይ ባጇን ለቀቀች። «የአባቴ ልጅ ነኝ። የሣህሌ። መንገድ ሲሠራ የሞተው።»

«ግቢ» አላት፤ ጎንበስ ብላ ገባች።

ኢሳያስ ተከተለ። ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «ከአርባ ምንጭ። ወደ ላይ። የማን እንደሆንኩ...» ፎልደሩን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። «አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። የአክስቴ ነኝ።»

«ግባ።»

እንግዶቹ እየተሳሳቁም፣ እየተገረሙም አንድ በአንድ መለሱ፤ አንዱ ወፍራም ሰውዬ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ እንባ መጣበት፤ ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ጥሩሰው ሁሉንም ያዛቸው፤ ስምንት ሰው አስገባ። ከዚያ አቶ ጉግሳ ከሰዉ መሀል መንገድ ከፍተው፣ ከረቫታቸውን እያስተካከሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ዞር በል።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ዞር በል እኮ ነው የምልህ! ሥራ አለኝ!»

«የማን ኖት?»

«እኔ ነኝ ባጅ የምሰጠው!» ፊታቸው ቀላ። «አሁን እዚህ ፊትህ ነው የሰጠሁት! ለአንተ ግን አልሰጠሁህም! በምን ሥልጣን ነው የምታስቆመኝ?»

«ባጁን እርስዎ ይስጡ» አለ ጥሩሰው። ድምፁ አልጨመረም። «እኔ መልስ ነው የምቀበለው።»

«ፖሊስ ነው የማስጠራልህ!»

«ይምጣ። እሱንም እጠይቀዋለሁ።»

ከላይ ከርብራቡ ቀዳዳ እንግዶቹ ቁልቁል ያያሉ። ሃሌሉያም ታያለች። የሰፈሩ ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። አቶ ጉግሳ እጃቸውን አነሱ፤ ትከሻውን ሊገፉት ነው። ጥሩሰው እግሩን ይበልጥ ተከለ። ቢመቱት ይመታል፣ ቢያስሩት ይታሰራል፤ ከበሩ ግን አይነሳም፤ ይሄንን ፊቱ ላይ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል፤ አቶ ጉግሳም አነበቡት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዘወር ብለው ሰዉን በዓይናቸው ፈተሹ፣ ሽማግሌ ፈለጉ፣ አገኙ።

«ጋሽ ሀብተ ማርያም!» አሉ። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ቦታውም የአባቶችዎ ነው። ይህን ልጅ ከበሩ ላይ ያንሱልኝ!»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ከአቶ ጉግሳ ሁለት እርምጃ ኋላ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ ተሰልፈው ቆመዋል።

«ወይ መልስ፣ ወይ ዞር በል» አሏቸው። «እኔም ገና አልተጠየቅሁም።»